የአንኮበርን ግንብ የማን እጅ ሠራው?

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ኮረብታ የወጣ ሰው የድንጋይና የኖራ ግንብ ፍራሽ ያገኛል። የነገሥታቱ ታሪክ የታወቀ ነው። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ገዙ፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት አንኮበር ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ነበረች። እኔን የሚያሳስበኝ ድንጋዩን የጠረበውና ኖራውን ያቦካው ሰው ነው።

የውጭ መንገደኞችን ከጠየቅን ዲሜጥሮስ የተባለ አልባኒያዊ ግንበኛ ለሣህለ ሥላሴ የድንጋይ ቤትና የውሃ ወፍጮ ሠራ ይሉናል። ወፍጮው የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ በካህናት ተቃውሞ መቆሙንም ጽፈዋል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሃሪስም የራሱን ሰዎች ሥራ በሰፊው ይተርካል። አንድ ግንበኛ ግን ብቻውን ግንብ አያቆምም።

የዚያው ዘመን ጸሐፊዎች አንኮበር አጠገብ ጫካ ውስጥ ገዳም ስለነበራቸው ጠቢባን ያወራሉ። ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ይፈለግ ነበር፣ እነሱ ግን ቡዳ ተብለው ይፈሩና ይገለሉ ነበር። ክርስቲያን መስለው የቤተ እስራኤልን ሥርዓት በስውር ይጠብቃሉ ይባልም ነበር። ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው የሚሉ አሉ፤ በሙያቸው የተገለሉ ክርስቲያኖች ናቸው የሚሉም አሉ። ዛሬ ከዘሮቻቸው መካከል ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው የሚጠሩ አሉና፣ ለእኔ ከመንገደኛ ወሬ ይልቅ የባለቤቶቹ ቃል ይበልጥብኛል። በቤተ መንግሥቱ ግንብም ላይ የእነሱ እጅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የእነዚህ ጠቢባን መገለል ዝም ተብሎ አልታለፈም። ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን እስከ ልጅ ልጆቻቸው ዘለቀ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ለግንባታው ከሸዋ እንደመጡ የሚተርኩ የእነዚህ ባለሙያዎች ቤተሰቦች ቀጨኔ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ይኖራሉ። ሴቶቹ ዛሬም ያለ መዘውር፣ በእጃቸው ብቻ ሸክላ ይሠራሉ። የተሰበረውን ሸክላ ገል ወቅጠው ከአፈሩ ጋር ያቦኩታል፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከምረው ይተኩሱታል። የሚባክን ነገር የለም፤ ስብራቱ እንኳ ለሚቀጥለው ጀበና ይውላል።

ዛሬ አርክቴክቶች ስለ አካባቢ የሚስማማ ግንባታ ብዙ ይናገራሉ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ የተገነባ ነው፤ ጎብኚም ያደንቀዋል። አንኮበር ኮረብታ ላይም የድሮውን ቤተ መንግሥት መልክ የያዘ ሎጅ ቆሟል። ፍራሹ ሲጠገን ኖራውን እንዲያቦኩ የቀጨኔና የአንኮበር ባለሙያዎች ይጠሩ፤ በሚተከለው ሰሌዳ ላይም ከነገሥታቱ ስም ጎን የእነሱ ስም ይጻፍ።