አንድ ስም፣ ሁለት ትዝታ፦ ቃኘው በኮሪያ፣ ቃኘው በአሥመራ

ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ይወርድ የነበረው የድሮው ባቡር አዲስ አበባን ለቅቆ የሚወጣው በአቃቂ በኩል ነበር። ዛሬ የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ስለዚያ ሐዲድ ሲያወራ የሚያነሣው ፋብሪካውን፣ ጭነቱንና ንግዱን ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ግን በዚሁ መሥመር ከ1,000 የሚበልጡ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተሳፍረው አልፈዋል። ጅቡቲ ላይ የአሜሪካ ማጓጓዣ መርከብ ይጠብቃቸው ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ወደብ ደረሱ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ይባላሉ።

ስሙ የተወሰደው ከፈረስ ስም ነው። «አባ ቃኘው» የንጉሠ ነገሥቱ አባት፣ የዓድዋው ዘማች የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። እንደሚታወቀው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው የጋራ ደኅንነት ቃል ኪዳን እንዲከበር ጠይቀው የሰማቸው አልነበረም። ከ15 ዓመታት በኋላ ወታደሮቻቸውን ወደ ኮሪያ ሲልኩ ለዓለም ያስተላለፉት መልእክት ግልጽ ነበር፤ እናንተ ያላከበራችሁትን ቃል እኛ እናከብራለን።

ይህ ስም ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባለቤት አገኘ። አሜሪካኖች ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሥመራ ጣሊያኖች ትተውት የሄዱትን የባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ ይጠቀሙ ነበር። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ የጦር ሰፈሩም ኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም «ቃኘው ስቴሽን» ተባለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው አሥመራ የሬዲዮ ሞገድ ለመጥለፍ የተመቸች ነበረች። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው ይኖሩባት ነበር። ደርግ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. እስኪያስወጣቸው ድረስ ይህ ሁኔታ ቀጠለ።

እንግዲህ ሁለት ቃኘው አለን ማለት ነው። አንደኛው ኢትዮጵያዊ ወታደር በኮሪያ፣ ሁለተኛው አሜሪካዊ ወታደር በአሥመራ። ሁለቱም ከአገራቸው ርቀው በሰው ምድር ያገለገሉ ወጣቶች ናቸው። የሁለቱ ትዝታ ግን ያገኘው ዕድል ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ልዩነት ነው።

የሚያዳምጡት ሰዎች ትዝታ

በአሥመራ ያገለገሉት አሜሪካውያን ከጡረታ በኋላም ሲገናኙ፣ ፎቶግራፍ ሲለዋወጡ፣ ትዝታቸውን ሲጽፉ ኖረዋል። እንግሊዛዊቷ ጋዜጠኛ ሚሼላ ሮንግም በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ኤርትራ ባሳተመችው መጽሐፍ የእነርሱን ኑሮ በሰፊው ተርካለች። በትዝታቸው ውስጥ የቦውሊንግ አዳራሹ አለ፤ ሲኒማው፣ የሰፈሩ የራሱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ የአሥመራ ቡና ቤቶች፣ የቤት ሠራተኞቻቸው፣ ወደ ምጽዋ የሚወርዱበት የዕረፍት ጉዞ አለ። አንድ የታሪክ ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ የጦር ሰፈሩን የዕለት ተዕለት ሕይወት ከሞላ ጎደል መልሶ መሥራት ይችላል።

የጎደለው ሥራው ነው። እነዚያ ወጣቶች አሥመራ የተላኩት ቦውሊንግ ለመጫወት ሳይሆን የሌሎችን መንግሥታት የሬዲዮ መልእክት ለማዳመጥ ነበር፤ ምስጢሩን ለመጠበቅም ቃል ገብተዋል። ስለዚህ ኑሮውን ይናገራሉ፣ ሥራውን ይዘልላሉ። በአጥሩ ማዶ የነበረውም እንዲሁ እየደበዘዘ ይገባል። የትጥቅ ትግሉ በ1953 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ፈረሰ፤ በታኅሣሥ 1963 በአብዛኛው የኤርትራ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሩቁን ዓለም ሞገድ የሚያዳምጡ ጆሮዎች አጠገባቸው የሚነደውን እሳት የሰሙት በከፊል ነው።

የተዋጉት ሰዎች ትዝታ

የእኛው ቃኘው ተገላቢጦሽ ነው። ሥራው ይታወቃል። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ተዋጋ። እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ አቁም ድረስ ሦስት ሻለቃዎች ተፈራረቁ፤ ከዚያ በኋላም ቁጥሩ እየቀነሰ የኢትዮጵያ ጦር እስከ 1957 ዓ.ም. በኮሪያ ቆየ። ከ6,000 በላይ ወታደሮች ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አለመማረኩን ዘማቾቹ እስከ ዛሬ በኩራት ይናገሩታል።

ከዚህ በኋላ ግን ዝምታ ነው። የኮሪያ ክረምት የደጋ ብርድ ብቻ ለሚያውቅ ገበሬ ልጅ ምን ነበር? በጾም ወራት የአሜሪካን የቆርቆሮ ሥጋ ምን አደረጉት? ደብዳቤ ማን ጻፈላቸው፣ ማንስ አነበበላቸው? የአሜሪካ ጦር የጥቁሮች ብቻ የነበረውን 24ኛ ሬጅመንት በጥቅምት 1951 እ.ኤ.አ. ያፈረሰው ገና እነርሱ ግንባር ላይ ሳሉ ነው፤ በዚያ ሠራዊት መካከል ጥቁር ሆኖ፣ ነገር ግን የራስን ባንዲራና የራስን አዛዥ ይዞ መቆም ምን ስሜት ነበረው? ስለ እነዚህ ነገሮች በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ለምን? አንደኛው ምክንያት የአነጋገር ባህላችን ነው። ለጀብዱ ፉከራና ቀረርቶ አለን፤ ለሟች ሙሾ አለን። ለፍርሃት፣ ለመሰልቸት፣ ለብርድ፣ ለናፍቆት ግን አንድ ወታደር በአደባባይ የሚናገርበት ወግ አላበጀንም። «ፈራሁ» ያለ ዘማች ጀግንነቱን የካደ ይመስለናል።

ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። ሻለቃው ሲደራጅ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ሙሉጌታ ቡሊ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገደሉ። ሙከራውን የመራው ራሱ ክብር ዘበኛ ስለነበር የክፍሉ ስም ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ አጠላበት። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መንግሥቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት፣ «ከኢምፔሪያሊስቶች ጎን ተሰልፌ ተዋግቻለሁ» ብሎ ትዝታ የሚያወጋ ማን ይኖራል? ሜዳሊያ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ፎቶግራፍ ተደበቀ።

ሦስተኛው የተቋም ጉዳይ ነው። ስለ ቃኘው ቀድሞ የተጻፈውን መጽሐፍ ኪሞን ስኮርዲሌስ የተባለ የውጭ ዜጋ በ1954 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ አሳተመው። ቀጥሎ አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያንን ውጊያ ተረከ። ዳግማዊ አበበ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጠቃሚ መጽሐፍ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ዓ.ም. በተገኙበት የተመረቀ ሐውልት አለ፤ ኋላም የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶለታል። የልጆቻችንን ታሪክ ከእኛ ይልቅ ባዕዳን ሲጠብቁት ማመስገን ይገባል፤ ማፈርም ይገባል።

የዛሬው ጉዳይ

ይህ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ ቁጭት ብቻ በበቃን። ነገር ግን ያው ስሕተት በዓይናችን ፊት እየተደገመ ነው። በኮሪያ የዘመቱት ጄኔራል ከበደ ገብሬ በ1954 ዓ.ም. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ወታደር በሩዋንዳ፣ በብሩንዲ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉር አገልግሏል። በአብዬ ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የሰላም አስከባሪው ጦር ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ነበር። በዚያ ድንኳን ውስጥ ስንት ሌሊት ታደረ? ከአካባቢው ሰው ጋር በምን ቋንቋ ተግባቡ? እነዚህ ወታደሮች ዛሬ ታክሲ የሚነዱ፣ በጥበቃ ሥራ የሚያድሩ፣ ሱቅ የከፈቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የምንጠይቃቸው ግን አይመስልም፤ ብንጠይቅም የምንጠይቀው ስለ ጀብዱ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ የቃኘው ዘማች ዛሬ ዘጠናን አልፏል። ከእርሱ የሚሰማው ጊዜ በዓመታት እንኳ አይቆጠርም። የታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የሚሉ ተማሪዎችን አንዳንድ የድምፅ መቅጃ ይዘው ወደ አረጋውያኑና ወደ ሰላም አስከባሪዎቹ ቢልኩ ወጪው ኢምንት ነው። ቤተሰብም ከሣጥኑ ሥር ያለውን ደብዳቤና ፎቶግራፍ አውጥቶ ከጀርባው ስምና ዘመን ቢጽፍበት ትልቅ ሥራ ነው።

መንግሥት ይለወጣል፤ ወዳጅና ጠላትም ይቀያየራል። የወታደር ትዝታ ሥልጣን ላይ ያለው ሲፈቅድ የሚነገር፣ ሲከለክል የሚታፈን ከሆነ ግን ለሚቀጥለው ዘማች የምንነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደምህን እንፈልገዋለን፣ ቃልህን ግን አንፈልገውም። እንዲህ ያለ ውል ደግሞ ለአገርም ለወታደርም አይበጅም።