የቆምንባት ምድር እንዴት ታወቀች?

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ሌሊት፣ አልጋዎቻችን ተወዛወዙ፤ መስኮቶቹም ተንቀጫቀጩ። ሁላችንም ብርድ ልብሳችንን እንደ ተከናነብን ወደ ሜዳው ወጣን። ከትንንሾቹ ተማሪዎች አንዱ ከመካከላችን ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ ‹‹ጋሼ፣ መሬት ድንጋይ አይደለችም ወይ? ታዲያ ድንጋይ እንዴት ይንቀጠቀጣል?›› አለው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን መልስ ሊኖረን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በፈተና ወረቀት ላይ የጻፍነውን ሁሉ ያን ሌሊት ማንኛችንም አላስታወስነውም።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ፣ ለታናናሾቻችን የዘገየውን መልስ ለመስጠት አሰብን። መልሱም በአንድ ቀን የተገኘ አይደለምና በታሪክ መልክ እናቀርበዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከቅርብ ለመጀመር የትምህርት ቤታችንን ግድግዳ እንመልከት። ግድግዳው የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል፤ በምድር ውስጥ ቀልጦ፣ ወደ ላይ ወጥቶ የበረደ፣ ከእሳት የተወለደ ዐለት ነው። ድንጋዮቹን የሚያያይዘው ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ ይኸውም በባሕር ወለል ላይ ከዛጎልና ከደለል ተጠራቅሞ የጠነከረ ነው። በበሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ደግሞ ቀድሞ የኖራ ድንጋይ የነበረ፣ በኋላ በምድር ውስጥ በሙቀትና በክብደት ተጨምቆ ጠባዩን የለወጠ ዐለት ነው። እንግዲህ ሦስቱም የዐለት ወገኖች፣ ማለት የእሳት፣ የደለልና የተለወጠው ዐለት፣ በየቀኑ በምንገባበት በር ላይ ይገኛሉ።

ዐለቶች እንዲህ እየተሠሩና እየፈረሱ የሚኖሩ መሆናቸውን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ሀተን ነው። በ1788 ሲካር ፖይንት በተባለ የባሕር ጠረፍ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ የዐለት ንጣፎችን፣ በእነርሱም ላይ ተጋድመው የተኙ ሌሎች ንጣፎችን አየ። ይህ እንዲሆን የታችኞቹ መጀመሪያ በባሕር ውስጥ መነጠፍ፣ ቀጥሎ መታጠፍና መሸርሸር፣ ከዚያም በሌላ ደለል መሸፈን ነበረባቸው። ይህ ሁሉ ሥራ እጅግ ረጅም ዘመን እንደሚፈልግ ሀተን አስተዋለ። ዛሬ የምድር ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል። በአገራችንም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ይህን የመሰለ ትምህርት በእግሩ ያገኛል፤ በላይ ባዛልቱን፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩን፣ ዝቅ ሲል ጀሶውን፣ በታችም የአሸዋ ድንጋዩን በየተራ ያልፋል። የኖራ ድንጋዩም ደጋችን በአንድ ዘመን ከባሕር በታች እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ዓይን የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ከምድር ገጽ እስከ መካከሏ ድረስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሩሲያ በኮላ ልሳነ ምድር በብዙ ድካም የተቆፈረው ጉድጓድ ግን የደረሰው 12,262 ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ውስጧ እንዴት ታወቀ? በገበያ ማሰሮ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን በማዳመጥ ስንጥቅ መኖሩን ይለያል። ጠበብትም ምድር በተናወጠች ጊዜ እንዲሁ አዳመጧት። የመናወጡ ሞገድ በሚያልፍበት ዐለት ጠባይ መጠን ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ አቅጣጫውንም ይለውጣል። በዚህ መንገድ እንግሊዛዊው ኦልድሃም በ1906 ምድር አስኳል እንዳላት አስረዳ። በ1909 የክሮኤሺያው ሞሆሮቪቺች የላይኛው ቅርፊት የሚያልቅበትን ወሰን አገኘ። በ1936 የዴንማርኳ ሊቅ ኢንገ ሌማን፣ በቀለጠው አስኳል ውስጥ ሌላ ጠጣር አስኳል መኖሩን ገለጠች።

ምድርን በእንቁላል ብንመስላት፣ ቅርፊቷ ቀጭን ነው፤ ከውቅያኖስ በታች ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በየብስ ላይ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ቀጥሎ ማንትል የሚባለው ክፍል እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይደርሳል። ማንትል ጠጣር ዐለት ቢሆንም፣ ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ በረጅም ዘመን ውስጥ እንደ ለሰለሰ ሰም ቀስ ብሎ ይፈሳል። ከእርሱ በታች ያለው አስኳል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ክፍል ደርሰናል። በ1912 አልፍሬድ ቬገነር የተባለ ጀርመናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ፣ አህጉራት ቀድሞ አንድ ላይ ተያይዘው የነበሩና በኋላ የተለያዩ ናቸው ሲል ተናገረ። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ጠረፎች እንደ ተቀደደ ወረቀት ይገጥማሉ፤ ውቅያኖስን መሻገር የማይችል የአንድ ጥንታዊ እንስሳ አፅም በሁለቱም ዳር በድንጋይ ውስጥ ይገኛል፤ የዐለቶቹም ዓይነት ይመሳሰላል። ነገር ግን ሊቃውንቱ፣ ‹‹ይህን የሚያህል የብስ የሚገፋው ምን ኃይል ነው?›› ብለው በጠየቁት ጊዜ የሰጠው ምክንያት ደካማ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ሐሳቡን ናቁት። ቬገነርም በ1930 ለምርምር በሄደበት በግሪንላንድ በረዶ ላይ በ50 ዓመት ዕድሜው ሞተ።

እኛ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተከራክረናል። ምክንያት መጠየቅ የሊቅ ተግባር ነውና ተቃዋሚዎቹን ሞኞች ናቸው ልንል አንችልም። ስሕተታቸው ግን፣ የነገሩ ምክንያት ስላልታወቀ የታየውን ማስረጃ ጭምር መጣላቸው ነው።

ማስረጃው ከባሕር ሥር እስኪወጣ ድረስ ዓመታት አለፉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ የምትሠራው ማሪ ታርፕ፣ መርከቦች የለኩትን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጥልቀት በካርታ ላይ ትነድፍ ነበር። በዚያ ዘመን ሴቶች በምርምር መርከብ ላይ እንዲሳፈሩ አይፈቀድላቸውም ነበርና በሌሎች ልኬት ብቻ ትሠራ ነበር። በውቅያኖሱ መካከል በተዘረጋው ተራራ አናት ላይ ረጅም ሸለቆ መኖሩን ስታሳይ የሥራ ባልደረባዋ መጀመሪያ አላመናትም። ነገር ግን የምድር መናወጥ የደረሰባቸው ሥፍራዎች በካርታ ላይ በተመዘገቡ ጊዜ በዚያው ሸለቆ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ቅርጹም የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ የሚመስል ሆነ።

በ1962 ሃሪ ሄስ፣ በዚያ ሸለቆ አዲስ ወለል እየተፈጠረ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ጻፈ። በ1963 ቫይንና ማቲውስ፣ በወለሉ ዐለት ውስጥ የታተመው የመግነጢስ ምልክት ይህን እንደሚያስረዳ አሳዩ። በዚያም ዐሥር ዓመት ማለቂያ የምድር የላይኛው ክፍል ፕሌት በሚባሉ ታላላቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ መሆኑ ተቀባይነት አገኘ። ሰሌዳዎቹ በዓመት የሚሄዱት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዳርቻቸው ግን እርስ በርሱ ይያዛል፤ ዐለቱም እንደ ደረቅ እንጨት ጥቂት ከጎበጠ በኋላ ድንገት ይሰበራል። ያን ጊዜ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ታናሽ ወንድማችን የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አላት። በአፋር ምድር የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ይገናኛሉ። በ2005 በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከታች ሰርጎ በመግባቱ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተለያየች። ከ2024 እስከ 2025 በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ በተናወጠች ጊዜም ዋናው ምክንያት እንዲህ ያለው የቅልጥ ዐለት ሰርጎ መግባት ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። እኛን ከአልጋችን ያስነሣን ያ ሌሊት ለእነርሱ ቤት ማጣት ነበር።

ይህን የመሰለውን ነገር በአገራችን በመሣሪያ መመዝገብ የተጀመረው በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምርምር ጣቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ነው። ጣቢያውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዌን፣ በ1961 በካራ ቆሬና በማጀቴ፣ በ1969 በሰርዶ የደረሰውን ጥፋት አጥንተዋል። የጥንት ጽሑፎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ መርምረውም የኢትዮጵያን የምድር መናወጥ ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። ሊሰበስቡት የቻሉትም፣ በየዘመኑ ያየውንና የሰማውን በጽሑፍ ያስቀረ ሰው ስለ ነበረ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መሬቱ ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገች ካላወቀ ግድግዳውን ምን ያህል ማጠንከር እንዳለበት በምን ያውቃል?

ከዚያ ሌሊት በኋላ በክፍላችን አንድ ደብተር ተከፈተ። መሬት በተነቃነቀች ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደ ነበርንና ምን እንደ ተወዛወዘ ጽፈንበታል። ገና ጥቂት ገጽ ነው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ስለምንሄድ፣ ደብተሩን ያን ሌሊት ለጠየቀን ልጅ አስረክበነዋል።