የጠዳ ደመወዝተኛ ወር ከወር እንዴት ይደርሳል?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፋ የምትገኘው ጠዳ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር ብትሆንም የኑሮ ሒሳቧ ከመሐል ጎንደር ይለያል። ወደዚህ ተመድቦ የሚመጣ መምህር፣ ነርስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቤት ኪራይ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ለኪሱ የበለጠ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ጤፍ መቼ ይገዛል?» የሚለው ይመስለናል።

በቅድሚያ ገቢውን እንይ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማስተካከያ መሠረት ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሁሉ ግን እጅ አይገባም። ከ11,500 ብሩ ላይ የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ሲቀነስ የሚቀረው 8,595 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ባይነሳና እርከኖቹም ባይቀየሩ ኖሮ በዚሁ ደመወዝ ላይ ግብሩ 2,525 ብር ይሆን ነበር። የ425 ብር እፎይታ መሆኑ ነው።

ይህ ገንዘብ የት ይሄዳል? አሜሪካዊ ቤተሰብ በአማካይ ከወጪው አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ለቤት፣ 13 በመቶ ገደማውን ለምግብ ያውላል። በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኑሮ ውድነት በሚለካበት የስታቲስቲክስ ቅርጫት ውስጥ ምግብ ለዓመታት ከግማሽ በላይ ቦታ ይዞ ቆይቷል። በጠዳ ቤት ደግሞ ምግብ ማለት በዋናነት እህል ነው።

እዚህ ላይ ጠዳ ዕድለኛ ናት። በምዕራብ በኩል ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ የደንቢያ ሜዳ፣ በደቡብ በኩል ማክሰኝት አሉ። ሁለቱም ጤፍ፣ ሽንብራ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የሚያወጡ አካባቢዎች ናቸው። ጤፉ ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶ ይወቃል፤ ገበሬው ግብርና ዕዳ ስላለበት በታኅሣሥና በጥር ገበያው በእህል ይሞላል፣ ዋጋውም ረገብ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ የጎተራው ክዳን ይዘጋል። እንግዲህ በጥር አንድ ኩንታል ለመግዛት የሚያስችል ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ክረምቱን በአነስተኛ ዋጋ ይሻገራል። የሌለው በኪሎ፣ አንዳንዴም በዱቤ ይገዛል። በኪሎ የሚገዛ ደግሞ ሁልጊዜ የሚከፍለው ከባለ ኩንታሉ በላይ ነው። ሠራተኛው ዕቁብ የሚገባው፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር የእህል ብድር የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው። ዕቁቡ በጥር ቢደርሰው ደስ የማይለው ማን ነው!

ይሁንና የእህል ቅርበት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቅርብ ያለው እህል ሩቅ ይሆናል። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የመሳሰሉት ከሩቅ የሚመጡ ሸቀጦች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ።

ቤት ኪራይን በተመለከተ፣ ከማራኪ ወይም ከፒያሳ ይልቅ በጠዳ ርካሽ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ምንም እንኳ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ተማሪዎች ለአንድ ክፍል ቤት ቢሻሙም። ተከራዮች ሊያውቁት የሚገባው፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ መደንገጉን ነው። በቃል የሚከራይ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

በኪራይ የተረፈውን ግን ታክሲ ይወስደዋል። ሥራው ጎንደር የሆነ የጠዳ ነዋሪ በቀን ሁለት ጊዜ ሚኒባስ ይሳፈራል፤ አዘዞ ላይ ከቀየረ ደግሞ አራት ጊዜ። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ 31 ብር ከ74 ሳንቲም የነበረው የቤንዚን ሊትር በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር እናት ይህን ከማንም በፊት ታውቀዋለች።

ከዚህ ሁሉ የሚያተርፈው ውጭ አገር ዘመድ ያለው ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር 100 ዶላር 5,700 ብር ያህል ያወጣ ነበር። አሁን ከ13,000 ብር በላይ ያወጣል፤ ከጀማሪ ባለ ዲግሪ ያልተጣራ ወርኃዊ ደመወዝ ይበልጣል ማለት ነው። ለላኪውም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባልተነካው በሰዓት 7.25 ዶላር የፌዴራል ዝቅተኛ ክፍያ የሚሠራ ሰው 100 ዶላር የሚያገኘው ወደ 14 ሰዓት ቆሞ ነው። ስለሆነም በኮሎምበስም ሆነ በዴንቨር ያለ ወንድም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መላክ ከቻለ፣ ለፋሲካ ከሚልክ ለጥምቀት ሰሞን ቢልክ ያው መቶ ዶላር ብዙ ጤፍ ይገዛል።