ስለ ምግብ ቤትና ስለ ፓስታ በአሶሳ ከተማ

የአንድን አገር ታሪክ የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱን የሚያቀናው ወደ ነገሥታቱ ሥራ፥ ወደ ጦርነቱና ወደ ውሉ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በየቀኑ ምን እንደሚበላ፥ ከማን ጋራ እንደሚበላና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ካልታወቀ የታሪኩ እኩሌታ ተሸፍኖ ይቀራል። በተለይም ቋንቋቸው፥ ሃይማኖታቸውና ልማዳቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ከተማ ሲሰበሰቡ፥ ከገበያ ቀጥሎ ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ስፍራ ምግብ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረውም ከባሕር ማዶ የመጣው ፓስታ በምዕራብ ኢትዮጵያ ዳርቻ በምትገኘው በአሶሳ ከተማ ስለምን እንደተስማማ፥ ይኸውም ስለ ከተማው ሰው አብሮ መኖር ምን እንደሚያስረዳ ነው።

ሀ. የአገሩ ሁኔታና የቀድሞው ማዕድ

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፥ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። አገሩ ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ተለይቶት አያውቅም። የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ ሱዳንን በ1813 ዓ.ም. ካስያዘ በኋላ የወርቁ ወሬ ስቦት በስተርጅናው እስከ ፋዙግሊ ድረስ ራሱ መጥቶ ነበር። ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎችም በበርታ ሕዝብ መካከል እየተቀመጡና እየተጋቡ፥ ዋታዊት የሚባለውን የገዢ ወገን አስገኙ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ባደረጉት ዘመቻ የአሶሳ፥ የቤላ ሻንጉልና የሆሞሻ አገሮች በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገቡ፤ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውልም ድንበሩ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ አገሩን ለረዥም ዘመን የገዙት ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር፤ በአዲስ አበባም እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሰፈር አለ።

የበርታ ሕዝብ ዋና ምግብ የማሽላ ገንፎ ነው። ገንፎውም በባሚያ ወይም በሌላ ቅጠላ ቅጠል በተሠራ ወጥ ይበላል። ክረምት ሲገባ ከምድር ብቅ የሚለው የሽመል ቡቃያ ተቀቅሎ ለወጥ ይሆናል። ማዕዱም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ማዕድ የጋራ ነው፤ በሉም ሁሉ ባንድ ዕቃ ዙሪያ ተቀምጦ በእጁ ይቈርሳል። ከሱዳን በኩል ደግሞ ፉል፥ ከርከዴና ስኳር የበዛበት ሻይ ገብተዋል። እነዚህም ከነስማቸው መግባታቸው የአሶሳ ሰው የእንግዳ ምግብ መቀበል የጀመረው ፓስታ በመጣ ጊዜ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ለ. ምግብን በገንዘብ ስለ መብላት

ፓስታ ከመምጣቱ በፊት መምጣት የነበረበት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ምግብ ቤት ራሱ ነው። በቀድሞው ልማድ ጠላና ጠጅ መሸጥ የተለመደ ሲሆን የተሠራ እህል ለሰው አቅርቦ ዋጋ መቀበል ግን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ሲራራ ነጋዴው በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሰንቆ ይጓዛል። ስንቁ ያለቀበትም «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደረሰበት ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ያለውን ያቀርብለታል። በዚህ ሥርዓት መሠረት የበላ ሰው በገንዘብ ፈንታ ውለታ ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ቀንም ባስተናጋጁ ፈንታ አስተናጋጅ ይሆናል።

እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ይህ ልማድ ትልቅ እንቅፋት ሆኖ ነበር። በሰፊው እንደሚነገረው መኳንንቱ ከቤታቸው ውጭ ተቀምጦ መብላትን አፍረው ስለቀሩ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከሆቴሉ ገብተው በልተው፥ ሒሳቡንም ከፍለው ምሳሌ መሆን አስፈልጓቸዋል። ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለሰዎቹ የከበዳቸው የምግቡ እንግድነት ሳይሆን ያለ ውለታ መብላት ነበር። ዋጋውን የከፈለ ሰው ከማንም ጋራ ሳይዛመድ ጠግቦ ይወጣል፤ ይህም ለነጻነት በር የሚከፍተውን ያህል የዝምድናን በር ይዘጋል።

ሐ. የፓስታ አመጣጥ

የፓስታን መነሻ ብዙ ሰው ከማርኮ ፖሎ ጋራ ቢያያይዘውም ነገሩ ተረት ነው። ማርኮ ፖሎ ከመወለዱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር ይሠራ የነበረው ሙስሊሙ የጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲ፥ በደሴቲቱ ትራቢያ በምትባል ስፍራ እንደ ክር ያለ የደረቀ ሊጥ በብዛት እየተሠራ ወደ ሙስሊምና ወደ ክርስቲያን አገሮች ይላክ እንደነበር ጽፏል። ምግቡ ገና ከጥንቱ የሁለቱን ሃይማኖቶች ገበያ አብሮ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራው ስንዴም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመረመረ ጊዜ በደጋው አገር የዚህ ስንዴ ዝርያ እጅግ ብዙ ሆኖ አግኝቶታል። ገበሬው ግን ስንዴውን ለዳቦ፥ ለቂንጬ፥ ለንፍሮና ለቆሎ ያውለው ነበር እንጂ በክር መልክ አያበጀውም። ስለዚህ ከውጭ የመጣው እህሉ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

አሠራሩ የገባው በኢጣልያኖች እጅ ነው። አስቀድሞ በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛት በሆነችው በኤርትራ፥ በኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ ከተሞች ተስፋፋ። አሶሳን ከኢጣልያን ጦር ያስለቀቁት ከቤልጅክ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው፤ ቀኑም መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። ጦሩ ሲወጣ በየከተማው ምግቡና ቃሉ ቀሩ። ዛሬ በየምግብ ቤቱ የሚሰሙት ፓስታ፥ መኮሮኒ፥ ስጎ፥ ስልስና ፉርኖ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፥ ፓስታው የሚበላበት ሹካ ግን ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ነው። አንድ ሳሕን ፓስታ የያዘው የቃላት ብዛት ብቻውን የንግድንና የጦርነትን መንገድ ያሳያል።

ሕዝቡ የጠላትን አገዛዝ እየጠላ ምግቡን ስለምን ያዘ ቢባል፥ መልሱ ከአዲሱ የከተማ ኑሮ ይገኛል። እንጀራ ለመጋገር ሊጥ አቡክቶ፥ ቀናት ጠብቆ፥ ምጣድ ጥዶ የሚሠራ የቤት ሰው ያስፈልጋል። ፓስታ ግን በከረጢት ተቀምጦ ወራት ይቆያል፤ ውኃ ከፈላለትም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ከአገሩ ርቆ ለተመደበው ወታደር፥ ለመምህሩ፥ ለጸሐፊው፥ በተለይም ለወንደላጤውና ለመኪና ነጂው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እነዚህም ሰዎች በየደረሱበት ከተማ የሚፈልጉትን ምግብ ቤት አስገኙ።

መ. የባንኮክ ምሳሌ

የባዕድን ክር መሳይ ምግብ የራስ አድርጎ መያዝ የኢትዮጵያ ከተሞች ብቻ ጠባይ አይደለም። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ፥ ከሩዝ ዱቄት በቀጭኑ የሚሠራው ኑድል የመጣው በቻይና ስደተኞች እጅ ነው፤ ኩዋይቲያው የሚለው ስሙም እስከ ዛሬ የቻይና ቃል ነው። ስደተኞቹ በጀልባና በተሽከርካሪ ጋሪ ይዘውት እየዞሩ ይሸጡት ነበር። አገሪቱ ሲያም መባሏ ቀርቶ በ1939 በፈረንጆች አቈጣጠር ታይላንድ ከተባለች በኋላ፥ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ፊቡን ሶንግክራም ሕዝቡ ኑድል እንዲበላና እንዲሸጥ በአዋጅና በስብከት አደፋፈሩ። ፓድ ታይ የሚባለውም በመጥበሻ የሚሠራው ኑድል የአገሩ ብሔራዊ ምግብ እስከ መባል ደረሰ።

በባንኮክ ተራ የኑድል ቤት የገባ ሰው ሩዙን በማንኪያና በሹካ የሚበላ ሆኖ ሳለ፥ መረቅ ላለው ኑድል ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ያነሣል፤ የመጤው ምግብ የመጤውን ዕቃ ይዞ ቀርቷልና። ከጠረጴዛው ላይም የዓሣ መረቅ፥ ስኳር፥ የደረቀ ሚጥሚጣና ኮምጣጤ ይቀመጥለታል፤ እያንዳንዱ በላተኛ የራሱን ጎድጓዳ ሳሕን እንደ ምላሱ ያጣፍጣል። ባሶሳና በባንኮክ መካከል ያለው ልዩነት ግን መታወቅ አለበት። በታይላንድ መንግሥት ምግቡን የብሔር ምልክት አድርጎ ስም አወጣለት፤ በኢትዮጵያ ግን ፓስታን የእኔ ነው ያለ መንግሥትም፥ ብሔረሰብም፥ ሃይማኖትም የለም። ለአሶሳ የጠቀማትም ይኸው የባለቤት ማጣቱ ነው።

ሠ. የማንም ያልሆነ ምግብ

አሶሳ በተለይ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ እንግዳ ከተማ ሆናለች። በድርቅ ምክንያት በተደረገው ሰፈራ ብዙ ሕዝብ ከወሎ መጥቶ በከተማዪቱ ዙሪያ ሰፈረ፤ የጤፍ እንጀራውንም ይዞ መጣ። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞችም በ1989 ዓ.ም. በተከፈተው በሸርቆሌ፥ በኋላም በባምባሲ መጠለያዎች ተቀመጡ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም በክልሉ በጉባ ወረዳ ስለተሠራ በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን ወደ ክልሉ ስቧል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ከየአገሩ ተማሪ ያመጣል።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቤት ሲበሉ የሚለያቸው መጀመሪያ ሥጋ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ክርስቲያን የሙስሊምን፥ ሙስሊምም የክርስቲያንን ዕርድ አይበላም፤ በየሥጋ ቤቱ ደጅ የሚታየው የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክትም ይህንኑ ያስታውቃል። ሁለተኛው ጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምና በሌሎቹም አጽዋማት የኦርቶዶክስ ምእመን ከሥጋ፥ ከወተትና ከዕንቍላል ይከለከላል። ሦስተኛው የእህሉ ዐይነት ነው፤ አንዱ ገንፎ፥ ሌላው እንጀራ የለመደ ነውና። በዘይትና በቲማቲም ወይም በአትክልት የሚሠራው ፓስታ እነዚህን ሦስት አጥሮች ባንድ ጊዜ ያልፋል፤ ዕርድ የለበትም፥ የጾም ነው፥ የማንም ቤት እህል አይደለም። እርግጥ ነው፥ ሽሮም ከዕርድና ከጾም አጥር ነጻ ነው፤ ነገር ግን ሽሮ ከእንጀራ ጋራ የደገኛን ቤት ያስታውሳል። ጥንቁቅ የሆነ ሰው ደግሞ ድስቱ ቀድሞ ምን እንደበሰለበት መጠየቁ ስለማይቀር፥ አጥሩ ፈጽሞ ፈርሷል ለማለት አይቻልም፤ ዝቅ ብሏል ማለት ይሻላል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። የጋራው ገንፎ በላተኞቹን በውለታ ያስተሳስራል፤ እያንዳንዱ ከየሳሕኑ በሹካ የሚጠቀልለው ፓስታ ግን ማንንም ከማንም ጋራ አያስተሳስርም። በአንድ ምግብ ቤት አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች ጎረቤት ሆነው ሳለ ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በአሶሳ ከተማ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት በጠፋ ጊዜ፥ ገበያውና ምግብ ቤቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰዎች በነባርና በመጤ ተለያይተው ታይተዋል። ከዚህም የተነሣ «አብሮ የበላ አይጣላም» የሚለውን አስተሳሰብ ሳይመረምሩ ወደ ምግብ ቤት ማሻገር ስሕተት ነው። አብሮ መብላትና አጠገብ ለአጠገብ መብላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

በዚህ ረገድ በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ የሚታየው ፓስታ በእንጀራ የሚባለው አቀራረብ ልዩ ትኵረት ይገባዋል። እንጀራ በትሪ ይዘረጋል፤ ፓስታው ከነስልሱ በመካከሉ ይፈስሳል፤ ሹካው ይቀርና ሁለት ሦስት ሰዎች በእጃቸው እየጠቀለሉ ይበላሉ፤ ጉርሻም ይሰጣጣሉ። የውጭ አገር ሰው ይህን ሲያይ እህልን በእህል መብላት ነው ብሎ ይስቃል። በታሪክ ዐይን ሲመረመር ግን የሚያስቅ አይደለም። ለየብቻ እንዲበላ ሆኖ የመጣውን ምግብ ሕዝቡ መልሶ ወደ ጋራ ማዕድ አስገብቶታል፤ በገንዘብ የተገዛውንም እንደገና በጉርሻ የሚሰጥ አድርጎታል።

ረ. መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው ፓስታ በአሶሳ የተስማማው የወራሪው ኀይል ስላስገደደ ወይም ባዕድ ነገር ስለተወደደ አይደለም። ገንዘብ ያለ ውለታ መብላትን ስላስቻለ፥ የአዲሱ የከተማ ኑሮ ፈጥኖ የሚደርስ ምግብ ስለፈለገ፥ ደግሞም ምግቡ የማንም ባለመሆኑ ማንንም ስላላስከፋ ነው። ምግብ ቤቱ ሰዎችን ያለ ጠብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ችሏል። ከዚያ አልፎ ለማዛመድ ግን የጋራው ትሪ ያስፈልገዋል፤ ትሪውንም መዘርጋት የበላተኞቹ ፈቃድ ነው።

የበርታን፥ የጉሙዝን፥ የሺናሻን፥ የማኦንና የኮሞን ባህል የሚያጠኑ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ ገጠሩ ማዕድ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የእነዚሁ ሕዝቦች ልጆች ዛሬ ከወሎ፥ ከወለጋና ከሱዳን ሰው ጋራ የሚገናኙት በከተማው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፥ በየምግብ ቤቱ ማን ከማን ጋራ እንደሚቀመጥ፥ ማን በየሳሕኑ፥ ማንስ ከአንድ ትሪ እንደሚበላ መዝግቦ ማቈየት ለነገው ታሪክ ጸሐፊ ከፍ ያለ ጥቅም ይሰጣል።