የነዳጅ ድብልቅን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ስለመለየትና ስለመለካት

የጉራጌ ዞን መቀመጫ ወልቂጤ በአዲስ አበባ-ጅማ፣ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ቡታጅራ ደግሞ በአዲስ አበባ-ሆሳዕና መንገድ ላይ ይገኛሉ። በከተሞቹ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ ተገዝቶ፣ ረጅም መንገድ በቦቴ ተጓጉዞ የሚደርስ ነው። በመካከሉ ነጭ ጋዝ ቢቀላቀልበት በዓይን መለየት አዳጋች ሲሆን፣ ጉዳቱ የሚታወቀው የባጃጁ ወይም የሞተር ብስክሌቱ ሞተር ሲበላሽ ነው።

ነዳጅ የበርካታ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። የቤንዚን ሞለኪውሎች በአብዛኛው ከ4 እስከ 12፣ የነጭ ጋዝ ደግሞ ከ9 እስከ 16 የካርቦን አተሞች አሏቸው። እንግሊዛውያኑ ጄምስና ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1952 ይፋ ባደረጉት ዘዴ መሠረት፣ ከጠብታ ያነሰ ናሙና በጋለ ክፍል ውስጥ እንዲተን ከተደረገ በኋላ፣ እንደ ሂሊየም ያለ ጋዝ ተሸክሞት በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ዛሬ የተለመደው ቱቦ 30 ሜትር ርዝመትና 0.25 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ውስጡ በስስ ፈሳሽ የተለበጠ ነው። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲጨምር ቀላሎቹ ውሁዶች ቀድመው፣ ከባዶቹ ዘግይተው ይወጣሉ። በቱቦው መጨረሻ በሃይድሮጂን ነበልባል ሲቃጠሉ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደ ጉብታ ይመዘገባል። ጉብታው የታየበት ጊዜ የውሁዱን ማንነት፣ ስፋቱ ደግሞ መጠኑን ያመለክታል። ይሁንና ጊዜው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምንነቱ ከታወቀ ናሙና ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ኤታኖል ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። ኤታኖል ኦክስጅን ስላለው በነበልባሉ ላይ የሚሰጠው ምልክት ከሃይድሮካርቦን ያነሰ ነው፤ መሣሪያው ለብቻው ካልተስተካከለለት መጠኑ ከእውነተኛው አንሶ ይነበባል።

ለተቆጣጣሪ አካላት ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበው የናሙና አያያዝ ነው። ክዳኑ የላላ ጠርሙስ ከወልቂጤ አዲስ አበባ እስኪደርስ ቀላሎቹ ውሁዶች ይተናሉ፤ የከባዶቹ ድርሻም ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ብቻ ማደያ ማሸግ ንጹሕ ነጋዴን መቅጣት ሊሆን ይችላል። ትነት ግን ያልነበረ ውሁድ አይፈጥርም። ስለዚህ ባለሙያው በቅድሚያ የሚመለከተው በቤንዚን ውስጥ እምብዛም የማይገኙትን ከ13 እስከ 16 ካርቦን ያላቸውን ውሁዶች ነው።

ነጭ ጋዝ በናፍጣ ውስጥ ሲቀላቀል ሥራው ይከብዳል፤ ሁለቱ ብዙ ውሁዶችን ይጋራሉና። በዚህ ጊዜ የተጠረጠረው ናፍጣ፣ ከመነሻው ዴፖ ታሽጎ ከተቀመጠ ናሙና ጋር ጎን ለጎን መመርመር አለበት።