የበጋ ማረፊያ ቤት በደቡብ ጎንደር

በደቡብ ጎንደር የበጋ ማረፊያ ቤት የሚፈተነው ባለቤቱ በሌለበት ወቅት ነው። በበጋ ቀኑ ብራ፣ የደጋው ሌሊት ውርጭ ይሆናል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ቤቱ ተዘግቶ ዝናብ ሲወርድበት ይከርማል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በዴራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ ዳር ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃ ዝቅ ያለና ሞቃት ስፍራ ነው። ለአንዱ የሚስማማ ንድፍ ለሌላው አይሆንም።

የቤቱን ቦታ የሚወስነው ውሃ ነው። ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ይፈስሳል፤ በክረምት ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ወንዙን ለማየት ብሎ ወደ ዳርቻው መውረድ ስሕተት ነው። ዋልካ አፈርም በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ መሠረት ያናጋል፤ ድንጋያማው ተዳፋት ይሻላል፤ ቤቱም ኮረብታውን ሳይቆርጥ እንደ አቀማመጡ በደረጃ ቢሠራ መልካም ነው።

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። የታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። በደጋው የደቡብ መስኮት ሰፋ ቢል ወፍራሙ ግድግዳና ወለል የቀኑን ሙቀት ይዘው ሌሊቱን ይለግሳሉ፤ ወንዛዬ ላይ ግን ጥላና ነፋሻ በረንዳ ይቀድማሉ።

የአገሬው የድንጋይና የጭቃ ቤት ለዘመናዊው በቂ መነሻ ነው። ጭድ የገባበት ምርግ በርካሽ ይጠገናል፤ ጠላቶቹ እርጥበትና ምስጥ ናቸው፤ መከላከያውም ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ረጅም ታዛ ነው። በደባርቅ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳዎቹን ከታመቀ አፈር ሠርቶ፣ አፈር ለዘመናዊ ማረፊያም እንደሚበቃ አሳይቷል። ሣር ክዳን ብርድን ቢከላከልም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ነገር ግን ውሃ ይሰበስባል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1,000 ሊትር ነው። ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ኮርኒስ ቢገባ ድምፁም ብርዱም ይቀንሳል።

ለግቢው ምርጡ አርአያ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው 168 እንጨትነት ያላቸው የዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል። በኋላም በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቶ ከብት እንዳይገባ ተደርጓል፤ ድንጋዩም ከአጎራባች ማሳዎች የተለቀመ ነው። የማረፊያ ቤት ባለቤትም በቦታው የቆመውን ወይራና ዋንዛ ሳይነካ፣ ባሕር ዛፍን ከምንጭ አርቆ ለምሰሶና ለማገር ብቻ ቢጠቀምበት ይበጃል።