ከሆለታ ድንጋይ እስከ ጊቤ ዋሻ

ሆለታ አካባቢ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች መዶሻውን የትም አያሳርፉም፤ መጀመሪያ ስንጥቁን ይፈልጋሉ። እኛ ክፍል ውስጥ በቀመር የተማርነውን እነሱ በእጃቸው ያውቁታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከመሬት በታች ግን ነገሩ ይከብዳል። ዋሻ ሲቆፈር፣ ወጥቶ የሄደው አለት ተሸክሞት የነበረው የተራራ ጫና ወደ ዋሻው ግድግዳ ይዞራል። ጫናው ሲበዛ ስንጥቅ የሌለው ጠንካራ አለት በድንገት እየተፈናጠረ ይላጣል፤ ስንጥቅ የበዛበት ደግሞ በስንጥቁ ላይ ይንሸራተትና ቁርጥራጩ ይወርዳል። አለቱ ጨርሶ የደቀቀ ከሆነማ እንደ ጭቃ ይፈሳል።

ይህን የመጨረሻውን ጊቤ 2 ላይ አይተነዋል። በፎፋ ተራራ ሥር የሚያልፈው 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ከሁለቱም ጫፍ በማሽን ነበር የተቆፈረው። በ1999 ዓ.ም. አንዱ ማሽን የደቀቀ አለት ገጠመውና በግፊት የመጣው ጭቃ ወደ ኋላ ገፋው፤ ያንን ሁሉ ብረት! ጥር 2002 ጣቢያው ተመረቀ። በመብራት ፈረቃ ለተማረረ አገር 420 ሜጋ ዋት ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ግን የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ።

ወሬው ሁሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ሆነ። እኔን ግን ሁሌም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ እንዲህ ባለ ረጅም ዋሻ ላይ፣ ተራራው ከላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ አስቀድሞ በቁፋሮ መፈተሽ አይቻልም። ዋሻው ተጠግኖ ውሃው እንደገና የተለቀቀው በ2003 ዓ.ም. ነው።